ማሽኑ አዲስ አበባ እንዳለ ማን ነግሮት? ስለ ሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣና ስለ መብራት ሂሳብ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውላችሁ፣ በዚህ ዝናብና በዚህ የካዛንቺስ የመኪና ጭንቅንቅ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁት የሱፐርማርኬት ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች ናችሁ። ከኋላ፣ ቦርሳችሁን እግራችሁ ሥር ያደረጋችሁት፣ የማቀዝቀዣ ቴክኒሻኖች ናችሁ። እንደ ወትሮው ነው፤ የሚከፍለው ፊት፣ የሚያውቀው ኋላ። (ሳቅ) ዛሬ ለሁለታችሁም የሚሆን ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ከመብራት ሂሳባችሁ ውስጥ የማቀዝቀዣው ድርሻ ስንት እንደሆነ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። አንድ... ሁለት። እንግዲህ ልንገራችሁ፤ አንድ ሱፐርማርኬት ከሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ከሲሶ እስከ ግማሽ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ፣ የሚሄደው ለፍሪጅና ለፍሪዘር ነው። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ መሆኑን ከእኔ ይልቅ ኪሳችሁ ያውቃል።

ሂሳቡ ሲከብድ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው ምንድን ነው? አዲስ ማሽን መግዛት። እኔ ደግሞ ቆይ እላለሁ። ያላችሁ ማሽን እኮ ገና ለአዲስ አበባ አልተስተካከለም! ፋብሪካው ሲያወጣው 43 ዲግሪ ሙቀትን፣ የባሕር ዳርቻን አየር አስቦ ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ቀን 25 ዲግሪ ሲሆን «ዛሬስ ሞቀ» የምንል ሰዎች ነን። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች እንወርዳለን። ይህን ሁሉ ማሽኑ ያውቃል? ማሽኑ አዲስ አበባ እንዳለ ማን ነግሮት?

እንግዲህ በቅደም ተከተል እሄዳለሁ። መጀመሪያ ብርዱ ወዴት እንደሚያመልጥ፣ ቀጥሎ ሙቀቱን ወደ ውጪ አየር ስለሚያራግፈው ኮንደንሰር፣ ሦስተኛ ስለ ግፊት መለኪያው ጌጅ፣ ከዚያ ስለ ዲፍሮስት (በረዶ ማቅለጥ) እና ስለ ፋን። የመብራት መቆራረጥን ጨምሮ የቀረውን ጊዜ እንደፈቀደልን እናነሳለን። ጌጁ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ቴክኒሻኖች፣ እዚያ ላይ እንዳትተኙብኝ።

አንደኛ፤ ብርዱ ወዴት ይሄዳል?

ወተት፣ እርጎ፣ አይብ የምትደረድሩበትን፣ ፊቱ በር የሌለውን ረጅም ማሳያ ፍሪጅ አስቡት። ቀዝቃዛ አየር ከላይ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፤ ከታች ባለው ወንፊት ተመልሶ ይገባል። ከሱቁ ሞቃት አየር የሚለየን ይህ የማይታይ መጋረጃ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ፍሪጅ ከሚሸከመው ሙቀት 70 በመቶ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የሚገባው በዚሁ ክፍት ፊቱ ነው። ግድግዳው አይደለም፣ መብራቱም አይደለም፤ ክፍት ፊቱ ነው!

ታዲያ መጋረጃውን ማን ይቀድደዋል? እኛው ነን። ዕቃ ደርዳሪው ልጅ ወተቱን ከጭነት መስመሩ አሳልፎ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ አየሩ ካርቶኑ ላይ ይነጥርና ወደ ሱቁ ይበተናል። ከታች ያለው መመለሻ ወንፊት ላይ የማስታወቂያ ወረቀት ወይም የጁስ ካርቶን ይቀመጣል፤ አየሩ መመለሻ ያጣል። ከላይ ያለው፣ የማር እንጀራ የመሰለው የአየር ማውጫ በአቧራ ይደፈንና አየሩ ግማሹ ይወርዳል፣ ግማሹ ይቀራል። ይሄኔ ምን እናደርጋለን? «ፍሪጁ አልበረደም» ብለን ቴርሞስታቱን ዝቅ እናደርጋለን። ኮምፕረሰሩ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል።

የማር እንጀራውን በወር አንድ ጊዜ በቫኪዩም ክሊነርና በለስላሳ ብሩሽ አጽዱት። አየሩ በትክክል መውረዱን ለማየት ቀጭን የወረቀት ቅዳጅ ከላይ አንጠልጥሉ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከተዘረጋ መልካም፤ ወደ ሱቁ ከተወዛወዘ የሆነ ቦታ ተደፍኗል፣ ወይም ከዋናው በር የሚገባው ነፋስ እየመታው ነው። ከመግቢያው በር ትይዩ የተቀመጠ ክፍት ፍሪጅ መቼም አያርፍም። ቦታውን መቀየር ከቻላችሁ ቀይሩት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የመስታወት በር መግጠም ነው። ያለው ፍሪጅ ላይ የሚገጠም በር አለ፤ የፍሪጁን ፍጆታ በሲሶ፣ አንዳንዴም በግማሽ ይቀንሳል። ባለቤቶች ሁሌ የምትሉትን አውቀዋለሁ፤ «በር ካለው ደንበኛ ይሸሻል»። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ሰፈራችሁ ያለው ሱቅ ለስላሳና ውሃ የሚሸጠው በምን ፍሪጅ ነው? ባለ መስታወት በር ነው! አምቦ ውሃ ፈልጎ፣ በሩ ዝግ ስለሆነ ጥሎ የሄደ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በር የማትገጥሙ ከሆነ ቢያንስ የሌሊት መጋረጃ አድርጉ። ሱቁ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተዘግቶ ጠዋት 1 ሰዓት ቢከፈት በቀን 10 ሰዓት ሙሉ ፍሪጁ ባዶ ሱቅ እያቀዘቀዘ ያድራል ማለት ነው። መጋረጃው እንዲወርድ ደግሞ የአንድ ሰው ኃላፊነት አድርጉት፤ የሁሉም ሥራ የማንም ሥራ ነው። ስታወርዱት የታችኛውን ወንፊት እንዳይሸፍን።

በር ላላቸው ፍሪዘሮች ጎማውን ፈትሹ። ብር አውጡ፣ የአሥር ብር ኖት ይበቃል፤ ኖቱን በጎማውና በፍሬሙ መሐል አድርጋችሁ በሩን ዝጉና ሳቡት። ያዝ ካደረገው ደህና ነው፤ ሾልኮ ከመጣ ጎማው አልቋል። አራቱንም ማዕዘን ሞክሩ። ኖቱን መልሳችሁ ኪስ መክተት እንዳትረሱ።

ሥጋን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ማሳያ ፍሪጅ የቀዘቀዘን ነገር ይጠብቃል እንጂ ትኩስን ነገር ለማቀዝቀዝ አልተሠራም። ከቄራ ገና ትኩሱን የመጣ ሥጋ ቀጥታ ማሳያው ውስጥ ሲገባ ኮምፕረሰሩ ቀኑን ሙሉ ሳያቆም ይሠራል፣ አጠገቡ ያለውም ሥጋ ይሞቃል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ አየር በመሐሉ እንዲያልፍ አራርቃችሁ ስቀሉት፤ ከበረደ በኋላ ወደ ማሳያው።

በነገራችን ላይ፣ ከእኛ አገር ሌላ ብዙ ቦታ የማይገኝ አንድ ዕድል አለን፤ ጾም። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን የሥጋ፣ የወተትና የቅቤ ሽያጭ ይወርዳል። ፍሪጆቹስ? ሁሉም እንደ በዓል ዋዜማ ይሠራሉ! አራት የሥጋና የወተት ማሳያ ካላችሁ ዕቃውን ወደ ሁለት ሰብስቡና ሁለቱን አጥፉ። ያጠፋችሁትን እጠቡ፣ አድርቁ፣ ሻጋታ እንዳይዘው በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። እጥበቱ፣ የማር እንጀራው፣ የተበላሸው ጎማ፣ ሁሉም የዚያን ጊዜ ይሠራ። ከፋሲካ 2 ቀን ቀድማችሁ አስነሡት፤ የቅዳሜ ሹር ማታ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ኮንደንሰር።

ኮምፕረሰር ተሸካሚ ነው። ሙቀቱን ከፍሪጁ ውስጥ አንሥቶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ኮንደንሰሩ ጋ ያራግፈዋል። ዳገቱ ከፍ ባለ ቁጥር ላቡ ይበዛል፤ ላቡ ኤሌክትሪክ ነው። ዕቃው የሚራገፈው ሽሮ ሜዳ ሆኖ ሳለ ተሸካሚውን እንጦጦ ማርያም ድረስ የሚያስወጣ ሰው ምን ይባላል? እኛ ግን በየቀኑ እያደረግነው ነው።

እንዴት ቢባል፣ ውጪው 20 ዲግሪ ነው እንበል። በአግባቡ የተመረጠና ንጹሕ የሆነ ኮንደንሰር ከውጪው አየር ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ይሠራል። ስለዚህ ጋዙ 32፣ 33 ዲግሪ ላይ ፈሳሽ መሆን ይችላል። ነገር ግን የኮንደንሰሩ ፋን የግፊት መቆጣጠሪያ ከፋብሪካ ወይም ከገጣሚው እጅ ሲወጣ 42 ዲግሪ ላይ ተቀምጧል። ግፊቱ እዚያ እስኪደርስ ፋኑ ቆሞ ይጠብቃል። ውጪው ብርድ ነው፣ ፋኑ ቆሟል፣ ኮምፕረሰሩ እንጦጦ እየወጣ ነው!

በየአንድ ዲግሪው መውረድ ኮምፕረሰሩ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ኃይል ይቆጥባል። ከ42 ወደ 30 ብታወርዱት 12 ዲግሪ ነው፤ የኮምፕረሰሩ ፍጆታ ሩብ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። ለዚህ የሚገዛ ዕቃ የለም። ካቻቪቴ ይዞ መቆጣጠሪያው ጋ መቆም ብቻ ነው።

ነገር ግን ቀስ! በአንድ ጊዜ አታውርዱት። በየቀኑ 2 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጉና ሁለት ነገር ተመልከቱ። የመጀመሪያው በፈሳሹ መስመር ላይ ያለው የማያ መስታወት ነው፤ አረፋ ከታየበት ፈሳሹ፣ ወደ ፍሪጁ መጥኖ ከሚያስገባው ኤክስፓንሽን ቫልቭ ሳይደርስ፣ መፍላት ጀምሯል። ሁለተኛው ከኮምፕረሰሩ እጅግ የራቀው ፍሪጅ ነው፤ መጀመሪያ የሚራበው እሱ ነውና ሱፐርሂቱ፣ ማለትም ጋዙ ፈልቶ ካለቀ በኋላ የሚጨምረው ሙቀት፣ ካሻቀበ ወደ ኋላ ተመለሱ። ተራው ኤክስፓንሽን ቫልቭ የሚሠራው በግፊት ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ ካነሰ ጋዝ ማሳለፍ ያቅተዋል። ስለዚህ ተራ ቫልቭ ባለው ሲስተም ከ30 ዲግሪ አካባቢ በታች መሄድ አይመከርም። የኤሌክትሮኒክ ቫልቭ ያላችሁ 25ም ድረስ መውረድ ትችላላችሁ፤ ኮምፕረሰሩ የሚፈቅደውን ዝቅተኛ ልክ ግን ከሠሪው ሰንጠረዥ አረጋግጡ።

አሁን ደግሞ ከፍታችን የሚያስከፍለንን ልንገራችሁ፤ ብርዱ ብቻ አይደለም ያለን። አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ጠለል ላይ 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እዚህ 0.9 ገደማ ነው። ፋኑ ያው ፋን ነው፣ የሚገፋው መጠንም ያው ነው፤ የሚገፋው አየር ግን በሩብ ቀሎበታል፤ ስለዚህ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። አዲስ ኮንደንሰር ስታስመጡ «አዲስ አበባ፣ 2,300 ሜትር» ብላችሁ ትዕዛዙ ላይ ጻፉ። አቅራቢው ካልተነገረው ለጅቡቲ ያስባል። ቀድሞውኑ በሳሳ አየር የሚሠራ ኮንደንሰር ደግሞ ቆሻሻን አይችልም።

ከተማችን እየተገነባች ነው፤ በየመንገዱ ቁፋሮ፣ በየጎኑ ሲሚንቶ። በበጋ አቧራው ከኮንደንሰሩ ክንፎች መሐል ገብቶ እንደ ጨርቅ ይለብሳል። በበጋ በየወሩ፣ በክረምት በየሁለት ወሩ ይጽዳ። አጸዳዱም ልክ አለው። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ደረቁን አቧራ ክንፎቹን ተከትላችሁ ከላይ ወደ ታች በለስላሳ ብሩሽ አንሡ። ከዚያ አየሩ በሚወጣበት በኩል ቆማችሁ፣ አየሩ ወደሚገባበት ውሃ ልቀቁ፤ ቆሻሻው በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ከፊት ከረጫችሁበት ወደ ውስጥ እየጠቀጠቃችሁት ነው። የመኪና ማጠቢያ ማሽን፣ እባካችሁ፣ አይቅረብበት! ክንፉን ያጥፈውና ከቆሻሻው የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ቦታውስ? ብዙዎቻችሁ ፎቅ ሥር ነው ያላችሁት። ኮንደንሰሩ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ጥግ፣ ወይም በሁለት ሕንፃ መሐል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ይቀመጣል። ያወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ይህን ለማወቅ ሁለት ቴርሞሜትር ይበቃል፤ አንዱን ኮንደንሰሩ አየር በሚስብበት፣ ሌላውን ውጪ ጥላ ሥር አድርጉ። ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ ከበለጠ ትኩሱ አየር እየተመለሰ ነው። በቆርቆሮ ከልላችሁ የሚወጣውን ከሚገባው ለዩት፣ ወይም ጣሪያ ላይ አውጡት።

ሦስተኛ፤ ጌጅ። ቴክኒሻኖች፣ ይሄ የእናንተ ነው።

ባቄላ አዲስ አበባ ውስጥ ከአዋሽ ይልቅ ዘግይቶ ለምን ይበስላል? ውሃው እዚህ የሚፈላው 92፣ 93 ዲግሪ ላይ ስለሆነ። ለምን? አየሩ የሚጫነን በባሕር ጠለል እንዳሉት ሰዎች ስላልሆነ። እዚያ ግፊቱ 1.01 ባር ነው፤ እዚህ 0.76 ገደማ። ልዩነቱ ሩብ ባር ነው። ይህች ሩብ ባር ባቄላውን ብቻ ሳይሆን የእናንተንም ጌጅ ትነካለች።

በመርፌ የሚሠራው ጌጅ ዜሮ የሚለው በዙሪያው ላለው አየር ነው። በኪሳችሁ ያለው የግፊትና የሙቀት ሰንጠረዥ ግን የተሠራው በባሕር ጠለል ዜሮ ነው። አር 404 ኤ የሚባለውን የማቀዝቀዣ ጋዝ የያዘ ፍሪዘር ላይ እንሞክረው። ጋዙ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ሲፈላ ትክክለኛ ግፊቱ 2.05 ባር ገደማ ነው። በባሕር ጠለል ያለ ጌጅ 1.04 ያሳያል። እዚህ ያለው ጌጅ 1.29 ያሳያል። እናንተ 1.29ን ይዛችሁ ሰንጠረዡን ስታዩ ከዜሮ በታች 27 ይላችኋል። ጋዙ 30 ላይ ነው፤ እናንተ 27 ነው ብላችኋል!

ሦስት ዲግሪ ምን አላት? ሁለት ጉዳት አላት። ሱፐርሂት ለክታችሁ «6 ዲግሪ ነው፣ ደህና ነው» ያላችሁት በእውነቱ 9 ነው። ኢቫፖሬተሩ፣ ጋዙ የሚፈላበት የፍሪጁ ውስጥ ቱቦ፣ እየተራበ ነው፤ ግማሽ ጎኑ ብቻ ይሠራል፣ እናንተ ግን ጠግቧል ብላችሁ ዘግታችሁ ሄዳችሁ። የዝቅተኛ ግፊት መቆጣጠሪያውን በሰንጠረዡ ቁጥር ካስተካከላችሁ ደግሞ ኮምፕረሰሩ ካሰባችሁት በ3 ዲግሪ የባሰ ብርድ ውስጥ ይሠራል። የመፍያው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲወርድ ከ2 እስከ 3 በመቶ ኃይል ይበላል። በሰንጠረዥ ስሕተት ብቻ ባለቤቱ በየወሩ ይከፍላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጌጁ ካነበበው ላይ 0.25 ባር ቀንሱ፣ ከዚያ ሰንጠረዡን እዩ። በፒኤስአይ ለምትሠሩ 3.6 ቀንሱ። ዲጂታል ማኒፎልድ (ዲጂታል የጌጅ ስብስብ) ያላችሁ ከፍታን የሚያስገቡበትን ቦታ ፈልጉና 2,300 ጻፉበት። በከፍተኛው ግፊት በኩል ይህ ብዙ አይጎዳም፤ 40 ዲግሪ አካባቢ ስሕተቱ ከአንድ ዲግሪ በታች ነው። የሚጎዳው በዝቅተኛው በኩል ነው፤ በፍሪዘርና አር 134 ኤ በያዙ ፍሪጆች ላይ ይበልጥ ይታያል።

ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየሩን በፓምፕ ስታወጡ፣ ቫኪዩም ላይም ያው ነው። መርፌ ያለው ጌጅ 30 ኢንች እስኪደርስ የምትጠብቁ አላችሁ? እስከ ዳግም ምጽአት ትጠብቃላችሁ! (ሳቅ) እዚህ ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ ጌጁ 22.5 ኢንች አካባቢ ላይ ይቆማል። ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ የቀየረ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ደግሞም 22 ደረሰ ብሎ ቶሎ የዘጋ። ማይክሮን የሚለካ የቫኪዩም ጌጅ ይኑራችሁ፤ ከፍታ አይመለከተውም። ከ500 ማይክሮን በታች አውርዱ፣ ዝጉ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ። እየጨመረ ሄዶ አንድ ቦታ ከቆመ እርጥበት አለ። ሳያቆም ከጨመረ የሚያፈስ ቦታ አለ።

አንድ የመጨረሻ፤ ያ ቀጭን ቱቦ ያለው መካኒካል ቴርሞስታት። እሱም በውስጡ ያለውን ጋዝ ከአካባቢው አየር ጋር እያመዛዘነ ነው የሚሠራው። አየሩ ሲሳሳ ጽሑፉ ላይ ካለው ይልቅ ዝቅ ብሎ ያቆማል። ቁልፉ መሐል ላይ ሆኖ እርጎው በረዶ ሠራ ብለው የሚጠሯችሁ ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ቁልፉን አትመኑት፤ ሁለት እርጎዎች መሐል ቴርሞሜትር አስቀምጣችሁ በሱ አስተካክሉ።

አራተኛ፤ ዲፍሮስትና ፋን። እዚህ ላይ ፈጠን እላለሁ።

ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ለማቅለጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ። ሦስት ኪሎዋት ነው እንበል፤ በቀን 4 ጊዜ፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ ቢሠራ በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያስገባነውን ሙቀት መልሶ የሚያወጣው ደግሞ ኮምፕረሰሩ ነው፤ ሁለቴ ከፈልን። በጥርና በየካቲት አየራችን ደረቅ ነው፤ በረዶው የሚሠራው ከእርጥበት ነውና 2 ጊዜ ሊበቃ ይችላል። በሐምሌ 4 ያስፈልግ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቁጥር ማን አስሮን? ሲቀንሱ ግን ኢቫፖሬተሩን ከፍቶ ማየት ነው፤ ከዲፍሮስት በኋላ በረዶ ከቀረ ቀንሳችኋል ሳይሆን አበላሽታችኋል። ማሞቂያው የሚቆመው በሰዓት ብቻ ሳይሆን በሙቀት ይሁን፤ ኢቫፖሬተሩ 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በረዶው አልቋል።

በዚህ ከተማ የሚብስ ችግርም አለ። ጥርስ ያለው መካኒካል የዲፍሮስት ሰዓት መብራት ሲሄድ ይቆማል። መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተሞላው ዲፍሮስት በሁለት ሳምንት ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ይገኛል፤ ሱቁ ሞልቶ፣ በሩ በየደቂቃው እየተከፈተ! ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት ሰዓቱን አስተያዩት። ወይም ባትሪ ባለው ዲጂታል ቀይሩት፤ ዋጋው ከአንድ የተበላሸ የአይስክሬም ካርቶን ብዙ አይርቅም።

ፋንን በቁጥር ላሳያችሁ። ባለ አሮጌ ሞተር ፋን 60 ዋት ይበላል እንበል፤ ያንኑ ሥራ ኢሲ የሚባለው ኃይል ቆጣቢ ሞተር በ20 ዋት ይሠራዋል። በ6 ፋን 240 ዋት ተረፈ። ሌት ተቀን ስለሚሠራ በዓመት 2,100 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ያ 240 ዋት ደግሞ ፍሪጁ ውስጥ ሙቀት ነበር፤ እሱን ማውጣት ስለቀረ ኮምፕረሰሩ ሌላ 840 ገደማ ይቆጥባል። በመደርደሪያ ውስጥ ያለው አምፖልም በዚሁ ሂሳብ ነው፤ ኤልኢዲ ስታደርጉት ከአምፖሉም፣ ከኮምፕረሰሩም ትተርፋላችሁ። የበሩ ፍሬም ላብ እንዳይይዘው ሌት ተቀን የሚሞቀው ሽቦ ደግሞ በበጋ ደረቅ አየር አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የእርጥበት መቆጣጠሪያ ግጠሙለት፤ እሱም ካልሆነ በበጋ አጥፉትና ፍሬሙ ላብ ያዘ አልያዘ እዩ።

አሁን ወደ መብራት መቆራረጥ። መብራት ሲመጣ ምን ይሆናል? ሁሉም ኮምፕረሰር አንድ ላይ ይነሣል። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኮንታክተሩ፣ የሞተሩ ማብሪያ፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ ይቃጠላል። ለየኮምፕረሰሩ የማዘግያ ሪሌይ ግጠሙ፤ የመጀመሪያው ከ3 ደቂቃ በኋላ፣ ቀጣዮቹ አንድ አንድ ደቂቃ እየተራራቁ። ያን ጊዜ ጄኔሬተሩም ያን ያህል ትልቅ መሆን አይኖርበትም። ፌዞቹንም፣ ሦስቱን የመብራት መስመሮች፣ ለኩ፤ የአንዱ ቮልቴጅ ከአማካዩ በ3 በመቶ ቢለይ የሞተሩ መጠምጠሚያ የሙቀት ጭማሪ በ18 በመቶ ገደማ ያድጋል። በሶኬት የሚሠሩትን ፍሪጆች ሁሉ አንድ ፌዝ ላይ የደረደረ ኤሌክትሪሺያን ካለ፣ ነገ አስጠሩት። መብራት በሄደበት ሰዓት ደግሞ የሌሊት መጋረጃው በቀንም ይውረድ፣ ቀዝቃዛው ክፍል አይከፈት።

ጋዝን በሁለት ዓረፍተ ነገር ልለፈው። በየዓመቱ ጋዝ የሚጨመርለት ሲስተም ጋዝ አይጎድለውም፣ ቀዳዳ ነው ያለው፤ ሳትጨምሩ በፊት በሳሙና አረፋም ቢሆን ቀዳዳውን ፈልጉ። አንድ ኪሎ አር 404 ኤ ቢያመልጥ ከ3,900 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያላነሰ የማሞቅ አቅም አለው፤ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ በኪጋሊ የተደረሰው ስምምነት እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ እንዲቀንሱ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ሁለት ብዬ ሦስተኛ ልጨምር፣ ይቅርታ፤ ማሽን መግዛታችሁ ካልቀረ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራውን ሲስተም ዋጋ ጠይቁ። እሱ የሚቸገረው ጋዙ ራሱ ከ31 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው፤ በዚያ በላይ ፈሳሽ መሆን አይችልም። አዲስ አበባ ደግሞ 31 ዲግሪን የምታውቀው በዜና ነው። ለትንንሾቹ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ፍሪጆች በፕሮፔን፣ በአር 290 የሚሠሩትን ምረጡ፤ ተቀጣጣይ ነውና ግን ቴክኒሻኑ ሳይሠለጥን የመበየጃ እሳት ይዞ እንዳይቀርበው።

ባለቤቶች፣ ከዚህ ሁሉ መጀመሪያ የቱን ታደርጋላችሁ? ለማቀዝቀዣው ብቻ ንዑስ ቆጣሪ አስገቡ። ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት አንብባችሁ ጻፉ፣ ምንም ሳትነኩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሌላ ሳምንት አንብቡ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የቱ እንደሠራ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፤ ሻጩ ግን «የእኔ ነው» ይላችኋል። የበዓል ሳምንትን ከጾም ሳምንት ጋር አታወዳድሩ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፣ ሻይውም ቀርቧል። ከኋላ ጠረጴዛው ላይ አንድ ባለ መርፌ ጌጅ፣ አንድ ዲጂታልና አንድ የአር 404 ኤ ሲሊንደር አለ። ሲሊንደሩ የዚህን ክፍል ሙቀት ይዟል፣ ቴርሞሜትሩም አጠገቡ ነው። ቦርሳ ይዛችሁ የመጣችሁ የራሳችሁን ጌጅ አምጡና ግጠሙበት፤ ስንት እንደሚሳሳት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጀርባው ላይ ለጥፉት።